ስለ ጊታር ፔዳል ሰሌዳና ስለ እጅ ሥራ

ባለፈው የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከተነሡት ጉዳዮች አንዱ፣ ለሙዚቃ ክበቡ ከውጭ አገር የተሠራ የጊታር ፔዳል ሰሌዳ ይገዛ ወይስ አይገዛ የሚለው ነበር። ነገሩ ለብዙዎች እንደ ቀልድ ታየ። ገሚሱ «ይገዛ» አለ፤ ገሚሱ ደግሞ «መጽሐፍ የቸገረው ተማሪ ለጊታር ምን ገንዘብ አለው» እያለ አጉረመረመ። ሰዓቱም መሽቶ ስለ ነበረ ጉዳዩ ሳይቆረጥ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። እኛ የክበቡ አባላት የሆንን ጥቂት የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች በዚያ ምሽት የመናገር ተራ ስላልደረሰን፣ አሳባችንን በዚህ ገጽ ለማቅረብ ወደናል። አሳባችንም ባጭሩ ይህ ነው፤ ሰሌዳው አይገዛ፤ ነገር ግን ይኑር። በእጃችን የሠራነው አለና እርሱ መድረክ ላይ ይውጣ።

ለነገሩ እንግዳ ለሆኑ ወንድሞችና እኅቶች ፔዳል ምን እንደ ሆነ በቅድሚያ መግለጽ ይገባናል። የኤሌክትሪክ ጊታር ራሱ ብዙ ድምፅ የለውም። ከክሩ ሥር ያለው ማግኔትና የተጠመጠመበት የመዳብ ሽቦ የክሩን ንዝረት ወደ ደካማ የኤሌክትሪክ ኀይል ይለውጠዋል፤ ይህም ኀይል በገመድ ወደ ማጉያው ሄዶ ድምፅ ይሆናል። ፔዳል የሚባለው በጊታሩና በማጉያው መካከል የሚቀመጥ፣ በእግር የሚረገጥ ትንሽ የብረት ሣጥን ነው። አንዱ ድምፁን ያሻክረዋል፤ አንዱ እንደ ገደል ማሚቶ ይደጋግመዋል፤ አንዱ ደግሞ እንደ ሰው አፍ «ዋ፣ ዋ» እያሰኘ ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋል። ሣጥኖቹ ሦስትና አራት ሲሆኑ መሬት ላይ ተበትነው ገመዳቸው እግር ስለሚጠልፍ፣ ሁሉም በአንድ ሰሌዳ ላይ ተሰድረው፣ በአጫጭር ገመዶች ተያይዘው፣ ኤሌክትሪክም ከአንድ ምንጭ እንዲያገኙ ይደረጋል። የፔዳል ሰሌዳ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው።

የዚህ ሁሉ ክርክር መነሻ በአለፈው መንፈቀ ዓመት በአዳራሹ ያቀረብነው የሙዚቃ ምሽት ነው። በዚያ ምሽት የነበራችሁ አትረሱትም። አራት ፔዳሎች ነበሩን፤ ሁለቱ የተዋስናቸው፣ ሁለቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ የደረሱን ናቸው። መሬት ላይ ዘርግተን፣ ከየሰው በተለቀሙ ገመዶችና አዳፕተሮች አያያዝናቸው። ዘፋኟ እኅታችን ትዝታ ልትጀምር አፏን ስትከፍት ከማጉያው የወጣው ድምፅ የወፍጮ ቤት ድምፅ ነበር። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ማሚቶው ጭራሹን ጸጥ አለ። ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። እርስዋ ግን ሁሉን ችላ ያለ ጊታር ዘፈነች፤ እኛም በቆምንበት በኀፍረት ቀለጥን።

በማግሥቱ «ዕቃው አሮጌ ስለ ሆነ ነው፤ እንደ ውጭ አገር ሰዎች የተሟላ ሰሌዳ ቢኖረን ኖሮ ይህ ባልሆነ» የሚል ወሬ ከራሳችን ክበብ ተነሣ። እኛም በመጀመሪያ አምነነው ነበር። ዕቃውን ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት ጨምረን መርካቶ ወደሚገኙ አንድ ሬድዮና ማጉያ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድነው። «ጋሼ፣ ይህ ዕቃ መቼም አልቆለታል» አልናቸው። እርሳቸው በቴስተር አንድ በአንድ ነካክተው ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ፣ «ዕቃው ምንም አልሆነም፣ ልጆቼ፤ የተበላሸው አያያዛችሁ ነው» አሉን።

የተገኘውም ጥፋት የሚከተለው ነበር። ከገመዶቹ አንዱ ውስጡን የሚጋርደው የሽቦ መረብ ተቆርጦ ስለ ነበረ፣ በአዳራሹ ግድግዳ ውስጥ የሚሮጠውን በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ እንደ አንቴና እየለቀመ ያጮኸው ነበር። ማሚቶውን የገደልነው ደግሞ እኛው ራሳችን ነን። አብዛኛው ፔዳል 9 ቮልት የሚፈልግ ሆኖ የመሰኪያው መካከለኛው ቀዳዳ ኔጌቲቭ ነው፤ እኛ የሰካነው አዳፕተር ግን መካከሉ ፖዚቲቭ ነበር። የፔዳሉ መጠበቂያ ዳዮድ ሌላውን አካል አድኖ እርሱ ተቃጠለ። የስንዴ ፍሬ የምታህል ነገር ናት። ጠጋኙ በሌላ ለወጡልንና ማሚቶው ወዲያው ተነሣ። በአዳፕተሩ ጀርባ ላይ ግን የመሰኪያው ሥዕል ታትሞ ነበር፤ እኛም ማንበብ የማንችል ሰዎች አልነበርንም። አላነበብነውም እንጂ።

ከዚያ ቀን በኋላ ነው ሰሌዳውን በእጃችን ለመሥራት የቈረጥነው። አሠራሩን እንደሚከተለው ባጭሩ እንጽፋለን፤ ማንም ተማሪ ሊሠራው እንደሚችል እንዲታወቅ እንጂ የመሐንዲስነት ማዕረግ ለመጠየቅ አይደለም።

ሰሌዳው የተሠራው ከተሰበረ አልጋ ርብራብ ነው። አምስት ጣውላዎች በመጋዝ በአንድ ልክ ተቆርጠው፣ ገመድ ወደ ታች የሚያልፍበት የሁለት ጣት ክፍተት በየመካከላቸው እየተተወ፣ በሁለት የጎን እንጨቶች ላይ በብሎን ታሠሩ። የኋላው ከፊተኛው ከፍ ብሎ ተዳፋት ስለ ሆነ የኋለኛውን ፔዳል ለመርገጥ የፊተኛውን መንካት አያስፈልግም። ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት ተፈገፈገ። ፔዳሎቹ በጫማና በጃኬት ላይ በምናውቀው ተጣባቂ ጨርቅ ተለጠፉ።

ገመዶቹን ከምናለሽ ተራ ከገዛነው አሮጌ የማይክሮፎን ገመድ ቆርጠን ሠራናቸው። አጫጭር መሆናቸው ለውበት ብቻ አይደለም፤ ገመድ በረዘመ ቁጥር የጊታሩን ቀጭንና ጥርት ያለ ድምፅ ይበላል። በየጫፉ 6.35 ሚሊሜትር ጃክ በካውያ ተበየደ፤ የውስጡ ሽቦ ከጃኩ ጫፍ፣ መረቡ ከአንገቱ ጋር። በመጀመሪያ ከሠራናቸው ሦስቱ አልሠሩም። በቴስተር ስንፈትሽ መረቡ ከውስጡ ሽቦ ጋር ተነካክቶ ተገኘ። ፈታን፤ እንደ ገና በየድን። አራተኛው ላይ እጃችን መንቀጥቀጡን ተወ።

የፔዳሎቹ ተራም የራሱ ምክንያት አለው። ወጥ የሚሠራ ሰው ቁሌቱ ሳይበስል ውኃ አያፈስስበትም። እንዲሁ መቃኛው ንጹሕ ድምፅ ስለሚፈልግ ከሁሉ ይቀድማል፤ ቀጥሎ ዋ-ዋው፣ ከዚያ አሻካሪው፣ በመጨረሻ ማሚቶው ይመጣል። ማሚቶው ከአሻካሪው ቢቀድም፣ አሻካሪው አዲሱን ድምፅና የቀድሞውን ማሚቶ አንድ ላይ ፈጭቶ ጭቃ ያደርገዋል። ይህን ተራ አገላብጠው የሚጠቀሙ ታላላቅ ተጫዋቾች አሉ፤ ግን ምን እንደሚያገኙበት ዐውቀው ነው የሚያገላብጡት።

ኤሌክትሪኩን ከ12 ቮልት የሞተር ሳይክል ባትሪ ወሰድነው። በ7809 የምትታወቀው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ 12ቱን ወደ 9 ቮልት ታወርደዋለች፤ ከባትሪው አጠገብ ደግሞ ፊውዝ አስገባን፤ ያለ ፊውዝ ባትሪ ላይ ሽቦ ማገናኘት እሳት መጋበዝ ነውና። በዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ሕግ አንድ ነው። ቮልቱ ልክ መሆን አለበት፤ አምፔሩ ግን ከሚያስፈልገው ቢተርፍ ጉዳት የለውም፤ ባንቧው ቢሰፋም እያንዳንዱ ፔዳል የሚቀዳው የሚጠማውን ያህል ብቻ ነው። የእኛ አራቱ ተደምረው ከ150 ሚሊአምፔር አይበልጡም። 5 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በሒሳብ ከ30 ሰዓት በላይ ይችላቸዋል፤ እስከ ጥግ ማራገፍ ባትሪውን ስለሚጎዳ ግማሹን ብቻ እንቆጥራለን። መብራት ሲጠፋ ማጉያውም አብሮ ስለሚሞት ባትሪው ከጭለማ ያድነናል አንልም። ከወፍጮው ጩኸት ግን አድኖናል፤ ከባትሪ የሚመጣ ኤሌክትሪክ የግድግዳውን ምልልስ አያውቅምና።

ከአራቱ ፔዳሎች አንዱን፣ አሻካሪውን፣ ራሱን ሠራነው። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1966 በለንደን ፈዝ ፌስ በሚል ስም የወጣውን ሣጥን ንድፍ ተከተልን። ይህ በዓለም የታወቀ ፔዳል ውስጡ ሲከፈት ሁለት ትራንዚስተር፣ አራት ሬዚስተር፣ ሦስት ካፓሲተርና ሁለት መቆጣጠሪያ ብቻ ነው። ሁሉም በአንድ እፍኝ ይያዛል። የኛ ሣጥን የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ነው።

እስከዚህ ያነበበ ሰው «ታዲያ ይህ ሁሉ መልካም ከሆነ ለምን ሌላ ይገዛ ተባለ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። የጽሑፋችን ዋና ጉዳይ ይህ ነው። ሰሌዳው ስለማይሠራ አይደለም። ሰሌዳው ስለሚያሳፍር ነው። ከራሳችን ክበብ አባላት አንዳንዶቹ «በምረቃው ሰሞን ወላጅና እንግዳ በተሰበሰበበት መድረክ ላይ የአልጋ ርብራብና የሻይ ቆርቆሮ ይዘን እንዴት እንወጣለን?» አሉ። ከክበቡ ውጭ ያሉ ወዳጆቻችንም ስንበይድ ባዩን ጊዜ «ዲግሪ ልትይዙ ነው ወይስ ልትቀጠቅጡ ነው የመጣችሁት?» እያሉ ዘበቱብን። ቀልድ ነው ብለን ሳቅን። ከመካከላችን ግን አንዱ አልሳቀም።

ይህ ጓደኛችን ለብዙ ቀን ከጥግ ተቀምጦ ያየን ነበር። ገመዱ አልያዝ ብሎን ስንታገል አንድ ማታ ካውያውን ከእጃችን ወሰደና በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። ከየት ተማርከው ብለን ብንጠይቀው ወዲያው አልመለሰልንም። በኋላ እንደ ነገረን አያቱም አባቱም ብረት ሠሪዎች ናቸው። በተወለደበት ወረዳ የነርሱ ቤት ሰው በስሙ አይጠራም፤ በሥራው ነው የሚሰደበው። ማረሻቸውን የሚያሠሩት ጎረቤቶች በሠርጋቸው ቀን ለብቻው ያስቀምጧቸዋል። እርሱም ዩኒቨርስቲ ከገባ ጀምሮ እጁ ይህን እንደሚያውቅ ለማንም ተናግሮ አያውቅም ነበር። ይህን እንድንጽፍ ፈቅዶልናል፤ ስሙን ግን አንጠቅስም። ዛሬ በሰሌዳው ላይ ካሉት ገመዶች የማይንቀጠቀጡት የእርሱ ናቸው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ይህ ከሆነ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል። እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ይህን ታሪክ በሚገባ እናውቀዋለን። አራሹና ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና አዝማሪው ሲናቁ አገር እንዴት ወደ ኋላ እንደ ቀረች በፈተና ወረቀት ላይ ብንጠየቅ ሁለት ገጽ እንሞላለን፤ ጥሩ ነጥብም እናገኛለን። ነገር ግን እውነቱን እንናገር። እኛው ራሳችን የመጀመሪያዎቹን ገመዶች ስንበይድ የክበቡን ክፍል መስኮት ዘግተን ነበር። ጭሱ መውጫ አጥቶ ዐይናችንን እያቃጠለው እንኳ አልከፈትነውም። በወረቀት ላይ የምንወቅሰው ንቀት በእኛም ውስጥ እንዳለ ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

የውጭው ሰሌዳ እንዲገዛ የሚፈልጉት ወንድሞቻችን እነዚህ ሣጥኖች ከወዴት እንደ መጡ ቢያስቡ መልካም ነው። አሜሪካዊው ሊንክ ሬይ እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣው «ራምብል» በተባለ ሙዚቃ ላይ የሚሰማውን ሻካራ ድምፅ ያገኘው የማጉያውን ስፒከር ወረቀት በእርሳስ በስቶ ነው። በናሽቪል ከተማ ተቀርጾ በ1961 በታወቀ የማርቲ ሮቢንስ ዘፈን የግሬዲ ማርቲን ባስ ጊታር በተበላሸ የመቅረጫ መሥመር አልፎ ተቀደደ፤ መሐንዲሱ ግሌን ስኖዲ ግን ብልሽቱን ጥሎ እንደ መሄድ ምክንያቱን መረመረው፤ ከዚያም በ1962 በማይስትሮ ስም የተሸጠው የፈዝ ፔዳል ተወለደ። የኪንክሶቹ ዴቭ ዴቪስ በ1964 የስፒከሩን ወረቀት በምላጭ ተለተለው። በ1966 ደግሞ በካሊፎርኒያ ብራድሊ ፕለንኬት የተባለ ወጣት መሐንዲስ የማጉያ መምረጫ ቁልፍን በተዟዟሪ መቆጣጠሪያ ሊተካ ሲሞክር ያልታሰበ ድምፅ ሰማ፤ ነገሩ በኦርጋን የእግር መርገጫ ውስጥ ገባና ዋ-ዋ ተባለ። እንግዲህ እኛ በብርጭቆ መስኮት ውስጥ አይተን የምንመኘው ዕቃ ጥንቱ እርሳስ፣ ምላጭና የተበላሸ መሥመር ነበር። ዋጋ የሰጡት ግን ዕቃው አምሮ ሳይሆን የሠሩት ሰዎች ስላላፈሩበት ነው።

ይህን ለማየት ባሕር መሻገርም አያስፈልግም። በገናን የሰማ ሁሉ ያን ነዝናዛና ጥልቅ ድምፁን ያውቀዋል። ያ ድምፅ ከክሩ ብቻ የመጣ አይደለም። በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከል እንዝራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ አውታሩ ሲርገበገብ እርስዋን እየነካ ይነዝራል። ደርዳሪው አሥሩንም አውታር ሲቃኝ እያንዳንዷን እንዝራ እየገፋና እየሳበ ድምፁን ያስተካክላል። በገና የጸሎት መሣሪያ ነውና ከጊታር ጋር በክብር አናወዳድረውም። የእጁን ጥበብ ግን ልብ እንበል። ንጹሑን ድምፅ ሆን ብሎ ማሻከር እንደሚያምር አባቶቻችን ከውጭ በመጣ ሣጥን አልተማሩትም፤ በቆዳ ቁራጭ ደርሰውበታል።

አሻካሪውን ፔዳል ስንሞክርም አንድ ነገር አስተዋልን። በእርሱ ውስጥ ሁለት ድምፆች በአንድ ጊዜ ካለፉ የሁለቱ ድምርና ልዩነት የሆኑ ሌሎች ድምፆች ይፈጠራሉ፤ ስለዚህ ብዙ ጣት የሚይዝ ኮርድ ይበጠበጣል። የእኛ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግን በአንድ የዜማ መሥመር ተጎትተው የሚሄዱ ስለ ሆኑ ያምርባቸዋል። ሰሌዳውን ለራሳችን ቅኝት አስበን የሠራነው በዚህ ምክንያት ነው። በሌላ አገር ለሌላ ሙዚቃ ተሰድሮ የሚመጣው ይህን አያውቅልንም።

አሁን ለሚቀርቡብን ተቃውሞዎች እንመልስ።

አንደኛው «መጽሐፍ ይቀድማል» የሚለው ነው። እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። ለግዢ የተጠየቀው ገንዘብ የክበባችንን የዓመት መዋጮ ጨርሶ ከማኅበሩ ሣጥን ደግሞ ይበደራል። ገንዘቡ ለመጻሕፍት ይዋል፤ በእጃችን ያለው ሰሌዳ ይበቃል።

ሁለተኛው «የእናንተ አስቀያሚ ነው» የሚለው ነው። እንግሊዛዊው ብራያን ሜይ እ.ኤ.አ. በ1963 ገና ተማሪ ሳለ ከአባቱ ጋር ጊታር መሥራት ጀመረ። አንገቱን ከአሮጌ የምድጃ ክፈፍ እንጨት ጠረቡት፤ ስፕሪንጉን ከሞተር ሳይክል ወሰዱ፤ በአንገቱ ላይ ያሉት ነጥቦች ከእናቱ የስፌት ሣጥን የተገኙ አዝራሮች ናቸው። በዚያው ጊታር ከክዊን ቡድን ጋር ዓለምን ዞረበት፤ በ2002 በእንግሊዝ ንግሥት ቤተ መንግሥት ጣራ ላይ ቆሞ ተጫወተበት። የምድጃ እንጨት ቤተ መንግሥት ጣራ ላይ ከወጣ የአልጋ ርብራብ የእኛ አዳራሽ መድረክ ላይ ቢወጣ ነውሩ ምንድን ነው?

ሦስተኛው «ይህ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ሥራ ነው» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ እነርሱ ከእኛ በብዙ ይበልጣሉ፤ ቢያግዙንም ደስታችን ነው። ሆኖም የአዳፕተርን ጀርባ ማንበብ ፋኩልቲ አይጠይቅም። መድረክ ላይ ገመድ ሲበጠስ ተመራማሪ እስኪጠራ ዘፋኟ አትጠብቅም። በማናውቀው ዕቃ ላይ ቆመን ስለ ነበር ነው ያን ምሽት የተሳቀብን።

በአንጻሩ ራሳችንንም መገሠጽ ይገባናል። ሰሌዳው ካለቀ ወዲህ ከመለማመድ ይልቅ ፔዳል ማፈራረቅ የሚወድድ ሰው ከመካከላችን ወጥቷል። አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ማሚቶው ሁለት ጊዜ ይመልስ ወይስ ሦስት እያልን ተከራክረን አንዲት ዘፈን ሳንጫወት የተበተንንበት ቀን አለ። ይህም ሌላ በሽታ ነው። ሰሌዳ ጣት አይሆንም፤ ክራር ያለ አንዳች ሣጥን ሰው ሲያስለቅስ ኖሯል። ፔዳሉ ከጣት የወጣውን ይለውጠዋል እንጂ ከጣት ያልወጣውን አያመጣም።

ስለዚህ ለሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ሦስት ነገር እናመለክታለን። አንደኛ፣ የግዢው ጥያቄ ይነሣ። ሁለተኛ፣ ለካውያ፣ ለቴስተር፣ ለመጋዝና ለትራፓኖ የሚሆን አነስተኛ ገንዘብ ተመድቦ በክበቡ ክፍል አንድ የሥራ ጠረጴዛ ይቋቋም፤ ጠረጴዛውም ለጊታር ብቻ ሳይሆን ለተሰበረ የጥናት መብራትና ለማዳመጫ ገመድ ጥገና ለተማሪ ሁሉ ክፍት ይሁን። ሦስተኛ፣ የሰሌዳው ገመድ ንድፍ ተሥሎ ከሥሩ ይለጠፍ፤ አዲስ የሚገባ አባል ሁሉ አንድ ጊዜ ፈትቶ አንድ ጊዜ ይግጠመው። እኛ ተመርቀን ስንሄድ ዕውቀቱ አብሮን እንዳይሄድ ነው።

የምረቃው ምሽት እየቀረበ ነው። ፈቃዳችሁ ከሆነ ርብራቡን ሳንሸፍን፣ ቆርቆሮውን ሳንቀባ ይዘነው እንወጣለን። ጓደኛችን በዚያ ምሽት አባቱ ከአገር ቤት እንደሚመጡ ነግሮናል። ገመዱን የበየደው ማን እንደ ሆነ በመድረክ ላይ በስሙ እንድንናገር ባለፈው ሳምንት ጠይቀነው ነበር። «ላስብበት» ብሎናል። መልሱ በእርሱ ብቻ የሚወሰን አይመስለንም፤ በአዳራሹ የምንቀመጠው እኛ ሁላችን ምን ዐይነት ሰዎች እንደ ሆንን ገምቶ ነው የሚመልሰው። የክበቡን ክፍል መስኮት እኛ ከፍተነዋል። ማታ ማታ ብርሃን ስታዩ ግቡ፤ ትርፍ ካውያ አለ።

ጥቂት የሙዚቃ ክበብ አባላት